የአባባ ናቸው የተባሉት ደብዳቤዎች

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምጋሼ? ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ የጎን ውጋት ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ስለሚባል አይደለም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። የአባባ እግር አብጦ ነበር፣ አሁን ጎደለለት። ይበላል፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ ራዲዮውን ሲያስጮህ በከዘራው ወለሉን ይደበድባል። እኔም ደህና ነኝ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መልእክትህ የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ነው። «አባባ ለሁለተኛው መጽሐፍ ሰባት ስምንት ደብዳቤ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ አንባቢዎች በጣም ወደውታል። ከተቻለ ስለ ዝምታ ቢሆን፣ አጠር አጠር ቢል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ «እጅጌው አጠር ይበል» የሚል ደንበኛ መሰልከኝ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የምትል ቃል ፈለግሁ፤ የለችም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ መሰለኝ፤ ከረሳኸውም ልንገርህ። በውሃ አገልግሎት ቢሮ የአቤቱታ መስኮት ላይ ነው የምቀመጠው። ቧንቧው የደረቀበት፣ ቆጣሪው ያበደበት፣ ጎረቤቱ መስመሩን የቆረጠበት ሁሉ መጥቶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ቁጣ ቅጽ ላይ ስሞላ የራሴን አንድ ቀን እንኳ አልሞላሁም። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ምክንያቱም የአባባ ደብዳቤዎች ብለህ ባሳተምከው መጽሐፍ መቅድም ላይ ያበላሸኸው መጀመሪያውን ነው።

እማማን ከቀበርን ዓመት ሳይሞላ አንተ ሳትመጣ መጻሕፍት መጡ። ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ከጥንት ቻይና ጽሑፎች ወደ ቋንቋችን የተመለሱ። አንዱ የኮንፊሽየሳውያን ነው፤ ስለ ሥርዓት፣ ስለ ልጅና ወላጅ፣ ስለ ሹምና ሕዝብ የሚናገር። ሌላው የታኦ ሰዎች ነው፤ ስለ ዝቅ ማለትና ነገርን በጉልበት ስላለመግፋት። ውስጡ በእጅህ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። «ጀማሪ ከመግቢያው ይነሣ። በቀን ሃያ ገጽ ያንብብ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይንካ።» ለአባባ መሆኑ ነው።

አባባ ያን ጊዜ ዓይኑ ሄዷል። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም» ብሎ ከነገረን ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ጽፌልህ ነበር። «አይዞህ በይልኝ» ብለህ መለስክ። እኔም አይዞህ አልኩት። መጽሐፍ የላክኸው ማየት ለማይችል ሰው ነው፤ ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ።

ያልከውን አደረግን። መግቢያው ስልሳ ገጽ ነው፤ የነገሥታት ስም፣ የዘመን ቁጥር፣ ማን ማንን እንደ ወረሰ። አባባ ሦስተኛው ገጽ ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። በማግሥቱም ተኛ። በሦስተኛው ቀን ተቆጣ። «ይሄ ሰውዬ መኪናውን ሳያሳየኝ የፋብሪካውን ታሪክ ይነግረኛል» አለ። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። «እኔ ሥራ ስለምድ ጌታዬ ታሪክ አላወራኝም፤ መፍቻ ሰጠኝና ፍታው አለኝ። ከመሃል ክፈቺው።»

ማንበብ የጀመርነው ያን ቀን ነው። አንተ «አምስቱ የጀማሪ መንገዶች» ብለህ ቁጥር ሰጥተህ የደረደርካቸው ነገሮች ያኔ ቁጥር አልነበራቸውም። ከጭቅጭቅ የወጡ ናቸው።

ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አንዲት አጭር ክፍል ብቻ አነብለታለሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል። ማታ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ያ ነገር ዛሬ መስኮትሽ ጋ መጣ?» ይለኛል። ብዙ ቀን አልመጣም እለዋለሁ። አንድ ቀን ግን መጣ። ጠዋት ያነበብነው ልብ የሌለበት ሥርዓት ባዶ ዕቃ ነው ስለሚለው ነገር ነበር። እኩለ ቀን ላይ አንዲት አሮጊት ፊርማ ጎድሎባቸው ለሦስተኛ ጊዜ መስኮቴ ጋ ቆሙ። «ሥርዓት ነው እናቴ፤ እኔ ምን ላድርግ» አልኩና አፌ ላይ ቀረ። በሩን ዞሬ ወጣሁ፤ እጃቸውን ይዤ ፎቅ ወጥተን አለቃዬን አስፈረምኩት። ማታ ስነግረው አባባ ራሱን ነቀነቀና «አሁን አነበብሽው» አለኝ። ይህ ታሪክ በመጽሐፍህ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አለ። አሮጊቷ አሉ፣ ፊርማው አለ፣ እኔ ግን «አንድ የቢሮ ሠራተኛ» ሆኛለሁ።

ያልገባን ቦታ ላይ ክር እናስገባና እናልፋለን። «ያልገባሽን እንደ ብሎን አታስገድጂው፤ ጥርሱ ይሰበራል» ይል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ መጽሐፉ ጢም አበቀለ። ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ክር እየሳቅን መዘዝነው፤ አንዳንዱ ዛሬም እዚያው አለ። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የሌላ ተርጓሚ ሥራ ተውሼ ጎን ለጎን ማንበብ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ተርጓሚዎች የተጣሉበት ቦታ ላይ ቆም እንል ነበር። ቃሉ ከባድ የሆነው እዚያ ጋ መሆኑን የነገሩን በጸባቸው ነው።

ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ማንበባችንን ስጽፍልህ ተቆጥተህ ነበር፤ ጀማሪ ይምታታበታል ብለህ። የአባባን መልስ አሁን በየመድረኩ ትናገረዋለህ። «አንዱ ብሎኑን ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል። ማጥበቅ ብቻ የሚያውቅ ጠጋኝ መኪናውን ይሰብረዋል፤ ማላላት ብቻ የሚያውቅም ይበትነዋል።» ይህ የእሱ ነው፤ አልወስድበትም። ውሃን ስለ ዝቅታዋ የሚያመሰግነውን ክፍል ስናነብም «ለዚህ ነው ለካ የቢሮሽ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ የማይወጣው፤ ታኦ ሆኖ ነው» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ይህን አላተምከውም። ሲቀልድ ጠቢብ አይመስልልህም መሰለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ ጯሂ ሰው የሚያወራ ቦታ ስናገኝ «ይሄ ለታችኛው ቤት ሰውዬ የተጻፈ ነው» አልኩት። «የሌላ ሰው ጥፋት ካገኘሽበት ዝጊው፤ ያንቺን እስክታገኚበት እንዳትከፍቺው» አለኝ። ዛሬ ይህን ምክር እየጣስኩ መሆኔን አውቃለሁ። ቢሆንም ልጨርስ።

«አባባ ምን ተረዳ?» ብለህ መጠየቅ የጀመርከው በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ነው ደብዳቤ የተጀመረው። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ እኔ እከራከራለሁ፤ እሱ ይመልሳል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ አነብለታለሁ፤ «እዚህ ጋ አላልኩም» ይላል፤ እሰርዛለሁ። የቱ ቃል የማን እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቀኝ ግማሹን አላውቅም። ይህ አላስቆጣኝም። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ «ጸሐፊዋ እህትህም እጅ ትነሣለች» ብዬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሲታተም አንዷም የለችም። የእጅ ጽሑፌን አላወቅኩም እንዳትለኝ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ «ሀ»ን አንገቷን ሰብረሽ ነው የምትጽፊያት እያልክ የምትስቅብኝ አንተ ነህ።

በዚያ ላይ መቅድሙን ጻፍክ። «አባቴ በጠባብ ክፍሉ ውስጥ፣ ያለ መምህርና ያለ አጋዥ፣ ብቻውን አንብቦ ብቻውን ጻፈ።» ይህን ለአባባ ሳነብለት ምን እንዳለ ታውቃለህ? «መነጽሬን የት ነው ያስቀመጥኩት በይው» አለ።

መጽሐፍህ የተመረቀበትን አዳራሽ እንደ አሁን አየዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት። ፈቃድ ወስጄ አባባን አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፣ ኮቱን አለበስኩት። ሊፍቱ ስለማይሠራ ያ የራዲዮው ሰውዬ ሦስት ፎቅ አዝሎ አወረደልኝ፤ አባባ ጀርባው ላይ ሆኖ «ዛሬ ታርቀናል፣ ነገ እንቀጥላለን» ይለው ነበር። በር ላይ ደረቷ ላይ ካርድ ያንጠለጠለች ልጅ ማን ነዎት አለችኝ። ልጃቸው ነኝ አልኩ። ዝርዝሯን አየችና «ልጃቸው አንድ ነው የሚለው፤ መምህሩ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ የሰጠኻትን ነው ያነበበችው።

አንተ ከመድረክ ወርደህ አቀፍከው። እቤት አንተ የምትለውን ሰው በድምፅ ማጉያ «እሳቸው» አልከው። እነዚህ መጻሕፍት ለጀማሪ የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ነገር አባትን ማክበር ነው ብለህ ተናገርክ። ሰው ሁሉ ይጽፋል። «የምትንከባከባቸው እህቴም አብራ አለች» አልክና ተጨበጨበልኝ። መንከባከብ፤ በረንዳ ላይ እንዳለ አበባ። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንዲሉ እኔም ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አፉ ጋ አስጠግተህ «ጀማሪ ከየት ይጀምር ይላሉ?» ብለህ ጠየቅኸው። አባባ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈልጎ አገኘና «እሷን ጠይቋት፤ እኔ የማውቀው ያነበበችልኝን ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አንተም እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «አያችሁ? ራስን ባዶ ማድረግ ማለት ይህ ነው» አልክ። ሰውዬው እውነቱን በግልጽ ቋንቋ፣ በድምፅ ማጉያ ነገረህ። አንተ ትሕትና ነው ብለህ አስጻፍከው። ደሜ የፈላው ያኔ ነው።

ይህም ሳይበቃህ መጽሐፉን ሰባተኛው ደብዳቤ ላይ ከፍተህ እጁ ላይ አስቀመጥክና «ያንብቡልን» አልከው። አባባ ገጹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጥሩ ነው» አለ። እንደገና ሳቁ። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «የትኛው ነው? አንብቢልኝ» ሲለኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ቀደምከኝ። ወሰድክና ራስህ አነበብከው። «ልጄ ሆይ፣ እናትህን ስንቀብር ከአጠገቤ ባለመቆምህ በልቤ የያዝኩብህ ነገር የለም» ከሚለው ጀምረህ እስከ መጨረሻው። አለቀስክ። አዳራሹም አለቀሰ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ መሐረብ አቀበሉኝ።

እኔ አላለቀስኩም። የአባባን ፊት እያየሁ ነበር። የስፌት መኪና ውስጥ የማያውቀው ድምፅ ሲሰማ ድሮ እንዴት እንደሚሆን ታስታውሳለህ? ጆሮውን አዘንብሎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ። እንደዚያ ሆኖ ነበር የሚያዳምጥህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጥያቄ ልከህ ነበር። «እማማ ስትቀበር ጉባኤ ላይ ነበርኩ ብዬ መቅረቴ ያንገበግበኛል፤ አባባ ይቅር ብሎኛል ወይ?» ብለህ። ጠዋት አነበብኩለት። «ቀጥዪ፤ የዛሬውን ገጽ አንብቢ» አለኝ። ማታ ደገምኩለት። «ነገ የምናነበውን ፈልጊ» አለኝ። በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ተማሪ ፊት መቆም አቃተኝ፣ አንዳንድ ቀን መኖሩም ያስጠላኛል የምትልበት። ያን ለአባባ አላነበብኩለትም። ለብቻዬ ኩሽና ቆሜ አነበብኩት። ሰባተኛው ደብዳቤ እጅህ የገባው ከዚያ በአምስተኛው ቀን ነው። ዋናውን አስቀምጠኸው ከሆነ አውጣና ግርጌውን እየው። የእኔን ሰላምታ መቁረጥ ያላስፈለገህ ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው።

ስንመለስ ታክሲው ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ላይ ቆመ። አባባ «ሰባተኛው ጥሩ ተጽፏል» አለ። የኮቱን ኮሌታ አስተካከልኩለት። «መቼ ነበር የጻፍኩት?» አለኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ በመስኮት ሰው ሲሻገር አይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መጽሐፉን ይዤ ስቀመጥ «ዛሬ ይቅር» አለኝ። በማግሥቱም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንት ሆነን። ማታ ስመለስ ስለ መስኮቱ አይጠይቀኝም፤ ሻይ ጠጣሽ ወይ ብቻ ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት የነበረኝ ነገር ያቺ ጠዋት ናት ወንድምጋሼ። አንተ አዳራሽ አለህ፣ ተማሪ አለህ፣ ስምህ የተጻፈበት መጽሐፍ አለህ። እኔ የነበረችኝ ግማሽ ሰዓት ናት። በአንተ ተቆጥቻለሁ። በአንተ ብቻ አይደለም፤ ግን በሌላው ላይ የምቆጣው ለብቻዬ ነውና አንተን አይመለከትህም።

ሰኞ ማታ መልእክትህን ለአባባ አነበብኩለት። በዚህ አልዋሽም፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስለ ዝምታውም ስለ ማጠሩም። «ስንት ነው የሚፈልገው?» አለኝ። ሰባት ስምንት አልኩት። ሳቀ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው። ከዚያ ሳቁ እየበረደ ሄደ። «ወረቀት አምጪ» አለኝ። አመጣሁ። እንዲህ አለ፤

«ደብዳቤ የለኝም። ለአንተ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፤ እሱንም የምናገረው በአፌ ነው። ና።»

ጻፍኩና አነበብኩለት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ልክ መድረኩ ላይ እንዳደረገው በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ይህን እንዳልኩት ላኪው» አለኝ። «ምንም አትጨምሪበት።»

አልጨመርኩበትም። ቃሉ ከላይ ያለው ነው፤ የቀረው ሁሉ የእኔ ነው፣ የእኔ ተብሎም ይነበብ። እስክትመጣ ድረስ ግን ሰባተኛው ደብዳቤ በአባባ ስም እንደገና እንዳይታተም። ለምን ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ለምን የሚለውን አባባ ፊት ተቀምጠህ ጠይቅ፤ እኔም እዚያው እኖራለሁ፤ የሚጠየቀው ሁለታችንም ነን።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ። እንቅልፍ ይስጥህ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ እንቅልፍህን ብዬ ያደረግሁትን እኔ አውቃለሁ። መንገዱን ያቅናልህ፤ ሲመሽብህ እንዳትደርስ፣ ጠዋት ና። ደርሰህ በሩን ስታንኳኳ ማን ነው ይልሃል፤ ዓይኑን አትጠብቅ፣ ስምህን ተናገር።

ታናሽ እህትህ